እማዬ፣ ብርድ ልብሱን ተይው

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

የእሁዱ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለ። በሙቅ ውሃ ታጥቤ ወጣሁና ስልኬን ከፈትኩ። ፊደሎቹ ጉም ውስጥ የገቡ መሰሉ። ቀና ስል ትኩር ብለሽ ታይኛለሽ። «ልጄ፣ ዓይንሽ ምን ሆነ?» አልሽኝ። «ምንም» አልኩሽ። አንቺም ደግመሽ አልጠየቅሽም፤ ወፍራሙን ብርድ ልብስ አምጥተሽ ጠቀለልሽኝ። ማታ ስታለቅሺ ሰማሁሽ።

«ምንም» ማለቴ ቆጭቶኛል። ስለዚህ አሁን ልንገርሽ። ዓይኔ እየጠፋ አይደለም፤ ሙቀት ነው።

ያኔ ቀኝ ዓይኔን አሞኝ፣ ኤም ኤስ የሚባለው የነርቭን ሽፋን የሚጎዳ በሽታ መሆኑ የታወቀ ጊዜ ትዝ ይልሻል? የዓይን ነርቬ ሽፋን ተጎድቶ ነበር። እይታዬ ተመለሰ፣ ሽፋኑ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። መልእክቱ ዛሬም ያልፋል፤ ግን ለጥቂት ነው የሚያልፈው። ሰውነት ሲሞቅ ደግሞ ነርቩ ላይ ያሉት፣ ሶዲየም የሚያስገቡ ጥቃቅን በሮች ቶሎ ይዘጋሉ። ጤነኛ ነርቭ ይህን ከቁብ አይቆጥረውም። ሽፋኑ የተላጠው ግን አይችለውም፤ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ለዚህ ግማሽ ዲግሪ እንኳ ሊበቃ ይችላል።

በፈረንጆቹ 1890 ቪልሄልም ኡትሆፍ የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም፣ ታካሚዎቹ ሰውነታቸውን ሲያንቀሳቅሱ እይታቸው እንደሚደበዝዝ ጻፈ። እሱ ድካሙ ያመጣው መስሎት ነበር። ሰበቡ ሙቀቱ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። የአንጎልን ምስል የሚያነሳው ኤም አር አይ ሳይመጣ በፊት ሐኪሞች በሽታውን ለመለየት ሰውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ያስገቡ ነበር። ይህን ሳነብ ለታካሚዎቹ አዘንኩላቸው። ድንጋጤው እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ።

አንቺን ያስለቀሰሽ ግን ዓይኔ ሲለያይ ማየትሽ ይመስለኛል። እሱም ያው ነው። ወደ ግራ ስመለከት ቀኝ ዓይኔ አብሮ ወደ አፍንጫዬ መጠጋት አለበት። ሁለቱን የሚያስተባብረው የነርቭ መስመር አንጎል ግንድ ውስጥ ነው ያለው፤ እዚያም ተጎድቻለሁ። በደህናው ጊዜ ቀኙ ትንሽ ዘግየት ይላል፣ ማንም አያስተውለውም። ስሞቅ ግን ግራው ቀድሞ ይደርሳል፣ ቀኙ ኋላ ይቀራል። የቤቱ በር ሁለት ሆኖ ይታየኛል። ሐኪሞች ሰውን በሙቅ ልብስ አሙቀው፣ መልሰው አቀዝቅዘው የዓይኖቹን እንቅስቃሴ ለክተውታል። ሲሞቅ መዘግየቱ ይብሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

አንድ ያላየሽው ነገር አለ። አንቺ ወደ ጓዳ ስትገቢ ብርድ ልብሱን ገፍፌ መስኮቱን ከፈትኩት። 20 ደቂቃ ሳይሞላ ፊደሎቹ ጠሩ። ያኔውኑ ሮጬ ልነግርሽ ይገባ ነበር።

እማዬ፣ ብርድ ልብሱ ፍቅርሽ መሆኑን አውቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያመኝ የምታደርጊው እሱን ነው። ለዚህኛው ግን ቀዝቃዛ ውሃ ስጪኝ፤ ፎጣ አርጥበሽ አንገቴ ላይ አድርጊልኝ። ሙቀቱ አዲስ ጉዳት አያመጣም፣ የድሮውን ነው የሚቀሰቅሰው። ትኩሳት ከያዘኝ ግን ዝም አይባልም፤ ያመጣውን ነገር ማሳከም አለብን። ቀዝቅዤም ብዥታው ካለቀቀኝና አንድ ቀን ከሞላ፣ ወይም ዓይኔን ሳንቀሳቅስ ካመመኝ፣ ያኔ ለሐኪሜ እንደውላለን። አንቺም ደውይ፣ እኔን አትጠብቂ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ዓይኖቼ ከተለያዩ ወደ ጓዳ አትሂጂ። አጠገቤ ተቀመጪና እያየሽኝ ጠብቂ። ተመልሰው ሲገጥሙ በዓይንሽ ታይዋለሽ።

የምትወድሽ ልጅሽ