ከሰል ይዛችሁ ጀልባ አትግቡ

ክቡር አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ስለ ለንደን የቤት ኪራይ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ ጀልባ ላይ መኖርን እንደ አንድ መላ ጠቅሳችሁ አልፋችኋል። ይህን ደብዳቤ ያጻፈችኝ ያቺ አንዲት መስመር ናት። እኔ ለንደን ውስጥ ጀልባ ላይ ስኖር ይህ ስድስተኛ የብርድ ወቅቴ ነው። ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ አራት የአገሬ ልጆች ደውለውልኛል። ሁሉም የጠየቁኝ ዋጋውን ነው። ስለ እሳት የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም።

የምኖርበት ጀልባ ናሮውቦት (ጠባብ ጀልባ) ይባላል። ርዝመቱ 17 ሜትር፣ ወርዱ ግን ከ2 ሜትር ብዙም አያልፍም። እንዲህ የጠበበው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በእንግሊዝ ከተቆፈሩት ቦዮች ብዙዎቹ ላይ ያሉት የውሃ በሮች (ጀልባን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ውሃ ወይም በተቃራኒው የሚያሻግሩት) 7 ጫማ ብቻ ስለሚሰፉ፣ ጀልባው በዚያ ልክ ተሠራ። ያኔ በፈረስ እየተጎተተ የድንጋይ ከሰል ያመላልስ ነበር። ባል፣ ሚስትና ልጆች ከኋላ ባለችው 3 ሜትር ገደማ በምትረዝም ክፍል ውስጥ አብስለው፣ በልተው፣ ተኝተው ያድሩ ነበር። እኔ ብቻዬን ሆኜ ጠበበኝ ባልኩ ቁጥር እነሱ ትዝ ይሉኛል።

እናቴ ባሕር ዳር ናት። ያደግኩት ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ሲቀዘፍ እያየሁ ነው። ጀልባ መግዛቴን ስነግራት ስልኩ ላይ ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ መሬት ጠፍቶ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ለእኔ አቅም መሬቱ ጠፍቶ ነበር። አሁን ግን መሬት ላይ ቤት ቢሰጡኝ እንኳ ጀልባውን አልሸጥም። ጠዋት የውሃው ብርሃን ጣሪያዬ ላይ ሲጫወት አልጋዬ ውስጥ ሆኜ አየዋለሁ። እዚህ አገር ጎረቤቶቼን በስም የማውቀውም ጀልባ ላይ ከገባሁ ወዲህ ነው።

ርካሽ ነው የሚለውን ግን ተዉት። ፈቃድ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ በየአራት ዓመቱ የደህንነት ምርመራ አለ። በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ሆዱ ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ካልተቀባ ብረቱን ዝገት ይበላዋል። ናፍጣው፣ ጋዙና የድንጋይ ከሰሉ ሌላ ወጪ ናቸው። ለንደን ውስጥ ቋሚ ማቆሚያ ማግኘት ከባድ ነው፣ ከተገኘም ውድ ነው። ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት በቂ ምክንያት ከሌለው አንድ ቦታ ላይ ከ14 ቀን በላይ መቆም አይችልም። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ የፈቃዱ ክፍያ ቋሚ ማቆሚያ ለሌለን ለእኛ ተጨምሯል። ጭማሪው በየዓመቱ እያደገ በ2028 25 በመቶ እንዲደርስ ተወስኗል።

14 ቀን ሲባል ቀላል ይመስላል። ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ እየዘነበ ሞተር ታስነሳላችሁ፣ ገመድ ትፈታላችሁ፣ የውሃ ማስገቢያውን በብረት እጀታ እያሽከረከራችሁ ትከፍታላችሁ፣ ውሃው ሲስተካከል የውሃ በሩን ገፍታችሁ ትከፍታላችሁ። የፕላስቲክ ከረጢት ወይም አሮጌ ልብስ ከታች ጀልባውን የሚገፋው መዘውር ላይ ከተጠመጠመ ሞተሩን አጥፍታችሁ እጃችሁን እስከ ክንድ በረዶ በመሰለ ውሃ ውስጥ ከታችሁ መፍታት ነው። የመጠጥ ውሃ ከቦይ ዳር ቧንቧ ይቀዳል። የሽንት ቤቱን ሳጥን ተሸክማችሁ ሄዳችሁ ትደፋላችሁ። ፖስታዬ የሚመጣው በጓደኛዬ አድራሻ ነው። አንድ ክሊኒክ አድራሻ የለሽም ብሎ መልሶኝ ያውቃል። እንግሊዝ ውስጥ የአድራሻ ማስረጃ ባይኖርም ሐኪም ዘንድ መመዝገብ እንደሚቻል ያወቅኩት በኋላ ነው።

ይሄ ሁሉ ይለመዳል። ወደ እሳቱ ልመለስ።

የመጀመሪያው ዓመት ገና በዓል ነበር። ሁለት ጓደኞቼ መጡ። ቡና በጋዝ አይሆንም፣ በዓል ነው ብዬ ከሰል አቀጣጠልኩ። እንደ አገራችን ወግ መጀመሪያ ውጭ፣ ከጀልባው ጀርባ ላይ አነደድኩት። ጭሱ ጠፍቶ ፍም ሲሆን ወደ ውስጥ አስገባሁት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ በሩን ዘጋን። ቡናው ተቆልቶ ጀበናው እንደተጣደ አንደኛዋ ራሴን አመመኝ አለች። «ቡና ስላልጠጣሽ ነው፣ አሁን ይለቅሻል» አልናት። ያኔ ግድግዳው ላይ ያለው የመርዛማ ጋዝ ማስጠንቀቂያ መጮህ ጀመረ። ምድጃውን እንደያዝኩ ወደ ውጭ ሮጥኩ። በርና መስኮቱን ከፍተን፣ ሦስታችንም አንድ ጋቢ ተከናንበን የቦዩ ዳር ላይ ቆምን። እሷ ለሁለት ሰዓት ያህል ስታቅለሸልሽ ቆየች።

ሁላችንም ከሰል ከቀላ ደህና ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ደህና አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ የሚወጣው ከፍሙም ነው፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። አገር ቤት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎች እንደተኙ ቀርተዋል። ጀልባ ደግሞ ከየትኛውም ክፍል ይጠባል። የጀልባው የብረት ምድጃ ጭስ ማውጫ አለው፣ የእኛ የከሰል ምድጃ ግን የለውም። ማስጠንቀቂያው በደህንነት ምርመራው ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ ነው፤ ግን ባትሪው ካለቀ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፕላስቲክ ነው። በብርድ ጊዜ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ የሚወትፉ ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ አትወትፉ።

ክቡር አዘጋጅ፣ ወደፊት ስለ ጀልባ ስትጽፉ «ከሰል ይዛችሁ ጀልባ አትግቡ» የሚል አንድ አረፍተ ነገር ጨምሩልን። የደወሉልኝን አራቱንም ልጆች ጋብዣቸዋለሁ። በሰኔ ሁሉም ጀልባ ያምራል፤ ስለዚህ በጥር፣ ማታ ይምጡ። ቡናውን በጋዝ አፍልቼ እጠብቃቸዋለሁ። መስኮቱ ክፍት ስለሚሆን ጋቢያቸውን ይዘው ይምጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የጀልባ ነዋሪ፣ ለንደን