የኮምፒውተር ክበብ ዘገባ፦ ነጥቡ ባመለጡት ዓሦች የሚቆጠር ጌም

"ጌም ልጅ ያሰንፋል" የሚል ወላጅ ዘንድሮም አልጠፋም። ስጋቱ ይገባኛል፤ እኔም የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የክበባችን ልጆች ግን ጌም ሲጫወቱ አልከረሙም። ሲሠሩ ነው የከረሙት።

መስከረም ላይ 31 ሆነን ጀመርን። ኮሚቴ መረጥን፣ ሐሙስ ሐሙስ ተገናኘን፣ ስክራች የሚባለውን ልጆች ጌም የሚሠሩበት ፕሮግራም ተማርን። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ሁሉም ተኩስ ነበሩ። አንዳቸውም የሐዋሳ ልጅ የሠራቸው አይመስሉም።

ስለዚህ አንድ ሐሙስ ኮምፒውተሩን አጥፍተን፣ ጌም ፈጣሪዎች ሐሳባቸውን ከየት እንዳመጡት አወራን። በ1980 እ.ኤ.አ. ፓክማንን ያወጣው ቶሩ ኢዋታኒ፣ መልኩን ያገኘሁት አንድ ቁራሽ ከተነሳለት ፒዛ ነው ብሏል። ሺጌሩ ሚያሞቶ ልጅ ሳለ ኪዮቶ አካባቢ ዋሻ ውስጥ ፋኖስ ይዞ ይገባ ነበር፤ ያ ስሜት ነው ዜልዳ የተባለውን ጌም የወለደው። የፖክሞኑ ሳቶሺ ታጂሪ ደግሞ ነፍሳት ሲለቅም ያደገ ልጅ ነው። "እኛስ ምን አለን?" አለ አንዱ። ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድን።

ጀልባዎቹ ገና እየገቡ ነበር። ልጆቹ አባ ኮዳዎቹን ከበው ፎቶ ያነሳሉ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን መረብ የሚጠግኑ አዛውንት አጠገብ ቁጭ አለች። እስከዚያ ቀን ድምፅዋን የሰማሁት ስም ስጠራ ብቻ ነው። አዛውንቱ መረቡን በእግራቸው አውራ ጣት ወጥረው ይዘዋል።

"አባባ፣ ቀዳዳውን ለምን አያጠቡትም? ብዙ ይይዝልዎት ነበር እኮ።"

"ልጄ፣ ትንሹንም ከያዝኩት ለከርሞ ምን ይቀራል?" ብለው ሁለት ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከትተው አሳዩዋት። እሷም የራሷን ከተተች።

ከዚያ የወጣው ጌም ውስጥ ተጫዋቹ ዓሣ አጥማጁ አይደለም። የመረቡ ቀዳዳ ነው። ትልቁን ቆሮሶ ያስቀራል፣ ትንሹን ያሳልፋል። ነጥብ የሚቆጠረው ባመለጡት ነው። የመጣውን ሁሉ ከያዝክ ቀጣዩ ዙር ላይ ሐይቁ ባዶ ይሆናል። እኔ ሦስተኛው ዙር ላይ ባዶ ውሃ ጠበቀኝ። ልጅቷ አንጀቴን በላችው።

ችግር አልነበረም አልልም። ሚያዝያ ላይ መብራት ድንገት ሄዶ የአንድ ቡድን ሥራ ጠፋ። 4 ኮምፒውተር ለ31 ልጅ አልበቃም፤ ተራ መጠበቅ የሰለቻቸው ቀርተው ዓመቱን በ19 ጨረስን። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። ዕቃ ግምጃ ቤት አቧራ የለበሱ ኮምፒውተሮች አሉ፤ የሚፈልጉት ጠጋኝ ነው። ጥያቄውን ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አቅርበናል።

ቤቱ ያረጀ ላፕቶፕ ያለው ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ ካለ ይድረስልን። ስክራች ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ልጅቷ ጌሙን ለአዛውንቱ ማሳየት ትፈልጋለች። የእኛ ኮምፒውተሮች ደግሞ ሐይቅ ዳር አይወርዱም።