ዋጋ በውስጥ መስመር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሽሮ ሜዳ በሐበሻ ልብስ ንግድ የምተዳደር ሰው ነኝ። በእኛ ሠፈር በኢንተርኔት ለመታወቅ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል የሚለው እምነት ሥር በመስደዱ፣ ከጎረቤቶቼ አንዳንዱ ነገሩን እርግፍ አድርጎ ሲተወው፣ ሌላው «ተከታይ እናበዛለን» ለሚሉ ሰዎች ለሸማኔ ሊከፍለው የሚገባውን ብር ያስረክባል። እኔም አንድ ጊዜ ከፍያለሁ፤ በአንድ ሌሊት ከጎረፉት ተከታዮች ግን አንዲት ነጠላ እንኳ የጠየቀኝ አልነበረም።

የቴሌግራም ቻናል ለመክፈት ምንም አይከፈልም፤ ገዥው በቴሌብር ወይም በባንክ ስለሚልክ፣ የሚቀረው ወጪ የኢንተርኔት ጥቅልና የማድረሻ ነው። ፎቶውን ጠዋት በር ላይ በእጅ ስልክ ማንሳት ይበቃል። በአምፖል የተነሣ ጥለት ቀለሙ ስለሚለወጥ፣ ልብሱ የደረሰው ሰው «ያሳያችሁኝ ይህን አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል።

ከገንዘብ እጥረት ይልቅ የሚጎዳን ዋጋ መደበቃችን ይመስለኛል። ከቀሚሱ ፎቶ ሥር «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብለን የምንጽፈው ተፎካካሪ እንዳያይብን ነው፤ ተፎካካሪው ግን ደንበኛ መስሎ ከመጠየቅ የሚያግደው የለም። እውነተኛው ገዥ መልስ እስኪያገኝ ድረስ የሌላውን ሁሉ ቻናል አይቶ ይጨርሳል፤ በተለይ ዋሽንግተን ያለች እኅታችን ሥራ ውላ የምትጽፍልን እኛ ተኝተን ሳለ ስለሆነ፣ መልሱ የሚደርሳት እርሷ ስትተኛ ነው። ዋጋውን፣ ጨርቁ በእጅ የተሸመነ ይሁን የፋብሪካ፣ ተሰፍቶ ለማለቅም ስንት ቀን እንደሚፈጅ በግልጽ መጻፍ ከጀመርሁ ወዲህ የጠያቂው ብዛት ቀንሶ የገዥው ጨምሯል። «ተወደደ» ብሎ የሚሄድም አለ፤ እርሱ በውስጥ መስመር ብነግረውም አይገዛም ነበር።

ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አልከፈት ባሉ ጊዜ፣ ቻናላቸውን ብቻ ተማምነው የነበሩ ጎረቤቶቼ የፋሲካ ገበያ አመለጣቸው። እኔን ያተረፈኝ የደንበኞቼን ስልክ ቁጥርና የልብስ ልክ የጻፍሁበት ተራ ደብተር ነው፤ ከእርሱ ላይ እያየሁ አንድ በአንድ በመደወል የበዓሉን ትእዛዝ ተቀበልሁ። ዛሬም አዲስ ደንበኛ በቴሌግራም ሲመጣ፣ ስልኩንና ልኩን እዚያው ደብተር ላይ ሳላሰፍር ጨርቅ አልቆርጥም።

አክባሪያችሁ፣
የሽሮ ሜዳ ነጋዴ