ካፒቴኑ የብስ ላይ ከሆነ ውሃ ውስጥ ያለውን ማን ያወጣዋል?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

እዚህ ባሕር ዳር ለብዙ ዓመታት የሞተር ጀልባ ነድቻለሁ። መርከበኛ ሳይሳፈርባቸው በኮምፒውተር ወይም ከሩቅ ስለሚነዱ ሰው አልባ መርከቦች ስለሚወጣው ሕግ የሚወራውን ስሰማ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዘጌ ስመለስ ነፋስ ተነሣ። ጣና ጠዋት መስታወት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን አይታመንም። ማዕበሉ መሀል አንድ ጥቁር ነገር ብቅ ጥልቅ ሲል አየሁ። ግንድ መስሎኝ ላልፈው ነበር። ረዳቴ ግን «ጋሼ፣ ሞተሩን አጥፋው እስቲ!» አለኝ። አጠፋሁት። የሰው ድምፅ ተሰማ። የደንገል ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ሊሰምጥ ደርሷል፤ ሰውየው መቅዘፊያውን ወደ ላይ ይዞ ይጣራል። ጎትተን አወጣነው። ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ጋቢዬን ለብሶ ባሕር ዳር ገባ።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የመርከብ ግጭት መከላከያ ደንብ መርከብ ሁሉ ሁልጊዜ በዓይንም በጆሮም አካባቢውን እንዲጠብቅ ያዛል። በጆሮም! ያን ቀን ሰውየውን ያተረፈው ጆሮ ነው። ባሕር ላይ አደጋ የገጠመውን ሰው መርዳትም የካፒቴኑ ግዴታ ነው። እነዚህ ሕጎች ሲጻፉ መርከቡ ላይ ሰው እንዳለ ታስቦ ነው።

ለንደን ያለው፣ የመርከብ ጉዞ ሕጎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እነዚህ ሕጎች ለሰው አልባ መርከቦች እንዴት እንደሚሠሩ ከ2018 እስከ 2021 (እ.ኤ.አ.) ሲመረምር ቆይቷል። የድርጅቱ መርሐ ግብር መጀመሪያ አስገዳጅ ያልሆነ ኮድ (የደንብ ስብስብ) ማውጣት፣ ከዚያ ተሞክሮ ማሰባሰብ፣ በመጨረሻ አስገዳጁን ከጥር 2032 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ ማዋል ነው። መርከቡ ሰው ባይኖረውም ኃላፊነቱን የሚወስድ ካፒቴን ይኑረው ተብሏል። ደግ አደረጉ። ግን ካፒቴኑ የብስ ላይ መቀመጥ ይችላል፤ አንዳንዴም ከአንድ በላይ መርከብ ሊይዝ ይችላል። የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ መርከቦች እኩል ቢቸገሩ የቱን ያያል?

የእህቴ ልጅ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላይ ባለው ማሠልጠኛ ተምሮ ዛሬ የመርከብ መሐንዲስ ነው። አሁንም ማታ ማታ ማሽን ክፍላቸው ውስጥ ሰው እንደማይኖር አጫውቶኛል። አላርም ሲጮህ ከአልጋው ተነሥቶ ይወርዳል። «አጎቴ፣ ስክሪኑ ደህና ነው እያለ ቧንቧውን በእጄ ስነካው የሚያቃጥልበት ጊዜ አለ» ይለኛል። መርከቡ ላይ ማንም ከሌለ ያንን ቧንቧ የሚነካ እጅ የለም።

ቴክኖሎጂውን አልጠላም። ያለ ሰው እንድትጓዝ ታስባ የተሠራችው የኖርዌይ መርከብ ያራ ቢርከላንድ ማዳበሪያ በኮንቴይነር ጭና፣ በባትሪ ኃይል፣ አጭር የባሕር ዳርቻ መንገድ ላይ ትሠራለች። በዚያ ዓይነት ጉዞ መጀመር ብልህነት ነው። ሰፊ ውቅያኖስ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ኢትዮጵያ ወደብ ባይኖራትም የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት አባል ናት፤ በሰው አገር መርከብ ላይ የሚሠሩ ልጆችም አሏት። ስለዚህ የማሪታይም ባለሥልጣን መሥሪያ ቤታችን እነዚህን ልጆች ሰብስቦ ይጠይቅ፤ ያሉትንም ለንደን ይዞ ይሂድ። እኔ ብጠየቅ የምለው ይህን ነው፦ ሰው አልባ መርከብ ሁሉ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው የሚይዘው መሰላልና መረብ በራሱ የሚያወርድ ይሁን፤ ጩኸት የሚሰማ ማይክሮፎንም ይኑረው፤ ለጩኸቱም መልስ የሚሰጥ ሰው በሌላው ጫፍ ይቀመጥ። ስብሰባው ባሕር ዳር ከተጠራ ያን ረዳቴንም ይዤ እመጣለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር