«ቀለም ይለቃል» የሚለው ስጋት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከማቅለሚያ ሞለኪውሎች ስለሚሠሩ ሴሚኮንዳክተሮች (ኤሌክትሪክን በቁጥጥር የሚያስተላልፉ የኤሌክትሮኒክስ ቁሶች) በተነሳ ቁጥር «ቀለም እኮ ይለቃል፣ ምኑ ያስተማምናል?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ጂንስ ሱሪን እንመልከት። ጉልበቱ ላይ የሚነጣው ሰማያዊ ማቅለሚያው ኢንዲጎ ከክሩ ላይ ተፍቆ ስለሚረግፍ ነው። ሞለኪውሉ ራሱ የዋጠውን ብርሃን በቅጽበት ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው በቀላሉ አይፈርስም። ይኸው ጠባዩ ለፀሐይ ኃይል ማመንጫ አይመችም፤ ኃይሉ ሳይሰበሰብ ያልቃልና። ኤሌክትሪክን ለሚያበራና ለሚያጠፋው ትንሽ መሣሪያ፣ ለትራንዚስተር፣ ግን ይሆናል።

የኢንዲጎ ሞለኪውሎች እርስ በርስ በሃይድሮጅን ትስስር ተያይዘዋል። የሞለኪውል ክብደቱ 262 ብቻ ሆኖ ሳለ ወደ 390 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልደረሰ አይቀልጥም። ከካርቦን ውህዶች የሚሠራው፣ ብዙ የተጠናው ሌላ ሴሚኮንዳክተር ፔንታሲን ግን አየርና ብርሃን ሲያገኘው ኦክስጅን የሞለኪውሉን መካከለኛ የካርቦን ቀለበት ያጠቃዋል፣ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉም ይዳከማል። በኦስትሪያ ሊንዝ ከተማ የሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ኤሌክትሮንንም ሆልንም (ኤሌክትሮን የጎደለበትን፣ እንደ ፖዘቲቭ ቻርጅ የሚንቀሳቀስ ቦታ) የሚያስተላልፍ የኢንዲጎ ትራንዚስተር አሳይተዋል፤ ሞቢሊቲው (ቻርጅ በቁሱ ውስጥ የሚንቀሳቀስበት ቅልጥፍና) በቮልት-ሰከንድ 0.01 ካሬ ሴንቲሜትር አካባቢ ነበር። በዓመቱ የኢንዲጎ ዘመድ የሆነው ኤፒንዶሊዲዮን በዚሁ መለኪያ 1.5 ደርሷል፤ መሣሪያዎቹም አየር ላይ ለ140 ቀናት ብዙም ሳይጎዱ ሠርተዋል።

ሥራው የሚበላሸው በአብዛኛው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ንጽሕና ነው። ለጨርቅ የሚሸጥ ኢንዲጎ እንዳለ አይሠራም። በረጅም የመስታወት ቱቦ፣ በቫኪዩም ውስጥ፣ ከአንዱ ጫፍ ሞቆ ሳይቀልጥ ይተንና ቀዝቀዝ ባለው ክፍል ላይ ክሪስታል ሆኖ ይለቀማል። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ግድ ነው፤ የቀረ ቆሻሻ ቻርጅ ያጠምዳል። ሁለተኛው ኢንዲጎው የሚያርፍበት ወለል ነው። ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ወለል በሆነው በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ገጽ ላይ ያሉ የኦክስጅንና ሃይድሮጅን ጥንዶች ኤሌክትሮን ይይዛሉ። ስለዚህ በላዩ ቴትራቴትራኮንቴን የተባለ፣ 44 ካርቦን ያለው ሰም መሰል ንጥረ ነገር በስሱ ይነጠፋል። ኢንዲጎው ከዚያ በኋላ በዝግታ ተንኖ ሲያርፍበት ሞለኪውሎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

በማትነን ፈንታ በፈሳሽ አሟሙቶ መቀባት ለሚፈልግም መንገድ አለ። በኢንዲጎ ሞለኪውል ናይትሮጅን ላይ ቲ-ቦክ የሚባል ጊዜያዊ የኬሚካል መሸፈኛ ሲታሰር ቀለሙ ክሎሮፎርም በተባለ ፈሳሽ ይሟሟል፤ ከተቀባ በኋላ ወደ 200 ዲግሪ ሲሞቅ መሸፈኛው ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ሙቀቱ በጥድፊያ ከተጨመረ ግን ጋዙ ንጣፉን ይበሳዋል።

ስለዚህ «አስተማማኝ ሴሚኮንዳክተር ተገኘ» የሚል ዜና ስታትሙ አራት ነገር ጨምሩልን፦ አየር ላይ ነው ወይስ አየር በማይገባበት የናይትሮጅን ሳጥን ውስጥ የተለካው? መሣሪያው ከአየር የሚከላከል ሽፋን ነበረው? ስንት ቀን ቆየ? ትራንዚስተሩ የሚበራበት ማስነሻ ቮልቴጅስ ምን ያህል ተንቀሳቀሰ?

የማቴሪያል ኬሚስትሪ ባለሙያዎች