ጉዳዩ፦ ከውጤት ካርድ ላይ ደረጃ ስለመነሣቱ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ትምህርት በወጣው መርሐ ግብር መሠረት ይቀጥላል። ቤተ መጻሕፍቱም እድሳቱ አልቆ ተከፍቷል። አሁን ወደምትጠብቁት ጉዳይ ልግባ።

ካርድ ከተሰጠ ወዲህ ቢሮዬ ሰው አላጣም። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ልጄ ስንተኛ ወጣ?» ደረጃን ከካርዱ ላይ አንሥተናል። ውጤት በክፍል ፊት ማንበብም ቀርቷል። የየትምህርቱ ውጤት ግን ከመምህሩ አስተያየት ጋር ካርዱ ላይ አለ። እባካችሁ አስተያየቱን አንብቡት። ደረጃ ሲፈልጉ እሱን የዘለሉት ወላጆች ጥቂት አይደሉም።

«ለስንፍና ሽፋን ሰጣችሁ» ያላችሁን ሰምተናል። ነገሩ ወዲህ ነው። ሰው ራሱን የሚያይበትን መንገድና አቅሙን አውጥቶ የማደግ ፍላጎቱን የሚያጠናው፣ ሂዩማኒስቲክ ሳይኮሎጂ የሚባለው የሥነ ልቦና ዘርፍ ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ሲያድግ፣ አብርሃም ማስሎውና ካርል ሮጀርስ ግንባር ቀደሞቹ ነበሩ። ማስሎው እ.ኤ.አ. በ1943 የሰውን ፍላጎቶች በቅደም ተከተል ሲያስቀምጥ፣ መከበርንና ራስን ማክበርን አቅምን አሟጦ ከመጠቀም በፊት አስቀደመ። ሮጀርስ ደግሞ ሰው ስለ ራሱ የያዘው ሥዕል የሚደርስበትን ነገር ሁሉ የሚያይበትን መንገድ ይወስናል አለ። ይህን ክፍል ውስጥ በየቀኑ እናየዋለን። «ሒሳብ አይገባኝም» ብሎ የደመደመ ልጅ ሲወድቅ «አላልኩም?» ይላል። ሲያልፍ ደግሞ «ፈተናው ቀሎ ነው» ይላል። ጥሩ ውጤት እንኳ ሐሳቡን አያስቀይረውም። እንዲህ ያለውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ከመጨረሻ ሦስተኛ ነህ ማለት ምን ያስተምረዋል?

«እኛ ደረጃችን እየተነበበ ተምረን ሰው ሆነናል» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ሆናችኋል። መጨረሻ ላይ ስሙ ይነበብ የነበረውን የክፍል ጓደኛችሁን ግን ጠይቁልኝ። መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

«ታዲያ ልጁን በውሸት ልታሞካሹት ነው?» ለሚለውም መልስ አለን። አይደለም። ዝም ብሎ ጎሽ ማለት ውጤት እንደማያመጣ እናውቃለን። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 የቀደሙ ጥናቶችን ገምግመው፣ ለራስ የሚሰጥን ግምት ከፍ ማድረግ ብቻውን የትምህርት ውጤትን እንደማያሻሽል ጽፈዋል። ስለዚህ 40 ያመጣ ልጅ ካርዱ ላይ 40 ነው። አልጨመርንለትም፣ አንጨምርለትምም። ልጅ ስለ ራሱ ያለው አመለካከት የሚቃናው ትናንት ያቃተውን ዛሬ ሲሠራው ነው። ያንን ለመሞከር ደግሞ ድፍረት ያስፈልገዋል። ሁለቱ እየተደጋገፉ ነው የሚሄዱት።

ደረጃ ራሱ የሚነግረን ነገርም እንደሚታሰበው አይደለም። 5ኛ የወጣ ልጅ ጎበዝ ተማሪዎች ያሉበት ክፍል ቢገባ 20ኛ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ግን ያው ነው። ኸርበርት ማርሽ የተባለ ተመራማሪ ይህን አጥንቶታል። እኩል ችሎታ ካላቸው ልጆች መካከል ጎበዞች በበዙበት ቦታ የሚማረው ስለ ትምህርት ችሎታው ያለው ግምት ዝቅ እንደሚል አሳይቷል።

የአንደኞች ወላጆች «ልፋቱ የት ገባ?» ብላችኋል። ልፋቱ ካርዱ ላይ ነው፣ 95 ተብሎ። ሮጀርስ የሚያስጠነቅቀው ስለ እናንተም ልጆች ነው። ተቀባይነት የሚያገኘው አንደኛ ሲወጣ ብቻ እንደሆነ የተማረ ልጅ፣ ሁለተኛ የወጣ ዕለት ቤት መግባት ይፈራል። እንዲህ ያለ ልጅ አይተናል፤ አላጋነንኩም።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ካርድ ፎቶ እያነሡ፣ ድምሩን እየደመሩ ደረጃ የሚያወጡ ወላጆች እንዳሉ ደርሰንበታል። ትጋታችሁን እናደንቃለን። ነገር ግን የሌላ ሰው ልጅ ውጤት የእናንተ አይደለም፤ ዛሬውኑ ይጥፋ።

ስለ ልጁ መነጋገር የፈለገ ወላጅ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይምጣ። መምህሩ ደብተሩን ገልጦ የት እንደተሻሻለና የት እንደቀረው ያሳያችኋል። ደረጃ ግን አንነግርም። እባካችሁ ጸሐፊዋንም አትለምኗት፤ እሷም የላትም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ርዕሰ መምህር