ልጄ ሆይ፣ በአያቶችህ መጽሐፍ አትፈር

ውድ ልጄ፣

ሰላምህ ይብዛ። እኛ ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ እንደ ቅዱስ ስለያዝነው መጽሐፍ መምህርህ «ኩፋሌ ከቅዱሳት መጻሕፍት ውጭ ነው» ባሉ ጊዜ በክፍል ጓደኞችህ ፊት ማፈርህን ጽፈህልኛል። መምህርህ አልዋሹህም። በአይሁድ መጽሐፍ ቅዱስ 24 መጻሕፍት ውስጥ ኩፋሌም መጽሐፈ ሄኖክም የሉም። የረቢዎች የጥንት የሕግ ስብስብ በሆነው በሚሽናም ሊቁ ረቢ አቂቫ «የውጭ መጻሕፍትን»፣ ማለትም ከቅዱሳት መጻሕፍት ውጭ ያሉትን፣ የሚያነብ በሚመጣው ዓለም ድርሻ እንደሌለው ተናግረዋል። ከባድ ቃል ነው፤ አላቃልለውም።

ነገር ግን ቄሶቻችን ያነበቡት ባዕድ ተረት አልነበረም። ኩፋሌን በዕብራይስጥ የጻፉት በኢየሩሳሌም ሁለተኛው ቤተ መቅደስ ቆሞ ሳለ የነበሩ አይሁድ ናቸው። በመጽሐፉ ውስጥ መልአክ ለሙሴ በሲና ተራራ ከፍጥረት ጀምሮ ያለውን ታሪክ ይነግረዋል፤ ዘመኑንም በ49 ዓመት በ49 ዓመት ይቆጥርለታል። ዓመቱ 364 ቀን፣ ልክ 52 ሳምንት ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ በዓል ዘወትር በዚያው የሳምንት ቀን ይውላል። ረቢዎቹ ግን ወሩን የሚቆጥሩት በጨረቃ ነው። ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል ያልተስማሙ ሰዎች በአንድ መጽሐፍ መስማማት ይከብዳቸዋል። መጽሐፉ ደጅ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ከዚያ ዕብራይስጡ ጠፋ። ኩፋሌም ሄኖክም በሙሉ የቀሩት በግእዝ ብቻ ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ ጥንታዊ ጥቅልሎች ተገኙ፤ በኋላም በአካባቢው ዋሻዎች የኩፋሌ የዕብራይስጥ፣ የሄኖክም የአራማይክ ቁርጥራጮች ወጡ። ሊቃውንት የኩፋሌን ቁርጥራጮች ከግእዙ ጋር ሲያስተያዩ የግእዙን ታማኝነት መሰከሩ። ይህን ስትናገር ሌላውንም አትደብቅ፦ በብራና ላይ እየገለበጡ ያቆዩልን በብዛት የኢትዮጵያ ክርስቲያን ገዳማት ናቸው፤ ቄሶቻችንም ብዙ መጻሕፍት ያገኙት ከእነርሱ ነው። ውለታ ውለታ ነው።

ቅድመ አያትህ በሰንበት እሳት አታነድም ነበር፤ ዓርብ የተዘጋጀውን ምግብ ቀዝቃዛውን ነበር የምንቀምሰው። የኩፋሌን ምዕራፍ 50 አንብበው፤ እሳት ማንደድን፣ መንገድ መሄድን፣ በሰንበት መጾምን እንኳ ይከለክላል። ለእነዚያ እናቶች መጽሐፉ በመደርደሪያ የተቀመጠ ታሪክ ሳይሆን የሳምንታቸው ሥርዓት ነበር። ይህ ነው እኔን የሚያስቆጨኝ፤ ስለ መጽሐፉ ሲነገር በእርሱ የኖሩት ሰዎች ይረሳሉ።

ደግሞ የመቃብያን ድል የሚታሰብበትን የሐኑካን በዓል መብራት አስብ። የመቃብያን ጦርነት በሰፊው የተጻፈበት መጽሐፍ ራሱ ከ24ቱ ውጭ ነው፤ በዓሉ ግን በየቤቱ ይበራል።

መምህርህን አትሟገታቸው። እርሱም ከ24ቱ ውጭ ስለሆነው ስለ መጽሐፈ ሲራክ በትሕትና ጠይቃቸው፦ ሊቁ ራቭ ዮሴፍ የረቢዎች ትምህርትና ክርክር በተሰበሰበበት በታልሙድ ያንን መጽሐፍ ማንበብ የተከለከለ ነው ካሉ በኋላ፣ በውስጡ ያለውን መልካም ነገር እናስተምራለን ያሉት ለምን ነበር? የሚመልሱልህን ጻፍልኝ፤ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

አባትህ